እማሆይ ብርቄ ያልሸጡልኝ ምንሽር

ክስ ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሜ የባለጉዳዮቹን ስም እዘረዝራለሁ። ዳኛ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነገሩን ቢሰማ ይደናገራልና። ይህንም ገጠመኝ በዚያው ልማዴ እጀምረዋለሁ።

አንደኛው እኔ ነኝ። አያሌው እባላለሁ፤ ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ የምኖር አራሽ፣ ሥራ ሲገኝም ግንበኛ ነኝ። ሁለተኛው የበኩር ልጄ ይበልጣል ነው፤ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሦስተኛው ቢያድግልኝ፣ ማሳው ከማሳዬ የሚዋሰን ጎረቤቴ፣ በአንድ ጽዋ ማኅበር አብረን የምንጠጣ ሰው። አራተኛው ሙጬ፣ የቢቸና የከብት ገበያ ደላላ፣ ከበሬው ይልቅ ቀልዱን የሚሸጥ። አምስተኛዋ እማሆይ ብርቄ፣ ሞጣ የሚኖሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ አሮጊት። ባለቤቴን ይታይሽን አልቆጥራትም፤ ያን ሰሞን ደብረ ወርቅ እኅቷ ዘንድ ለቅሶ ላይ ነበረች። ቤት ብትኖር ኖሮ ይህን የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ስድስተኛው ሰው አይደለም፤ ምንሽር ነው። አሮጌ ጠመንጃ።

አሁን ደግሞ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልናገር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን የቀጠሮ ዝርዝር እያየሁና የተማረ ሰው እየጠየቅሁ ነው። የገዛ ስሜን መጀመሪያ ያነበብኩት እዚያ ነው፤ «ከሳሽ አያሌው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ለማመልከቻ ጸሐፊ ብር ከፍዬ አላውቅም። የራሴን ክስ ራሴ ጻፍኩ፤ ጎረቤትም ሲቸግረው ጻፍኩለት። ራሱን ያስተማረ ሰው ግን አንድ በሽታ አለበት፤ አስተማሪ ስላልነበረው የሚያርመው ሰው ያለ አይመስለውም።

ቤቴም እንደዚያው ነበር። ድምፄ ሲሰማ ልጆች ይነሣሉ። ስጠይቅ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው፤ «ግን» የሚባል ቃል ቤቴ ውስጥ አይነገርም። ይህን ጨዋነት እለው ነበር። ይበልጣል አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት አብሮኝ ያርሳል። ሁለት ጊዜ «አባ፣ መንጃ ፈቃድ ልማር» ብሎኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «መሪ ከመጨበጥህ በፊት እርፍ ጨብጥ» ብዬ መለስኩት። ሦስተኛ አልጠየቀኝም። ታዘዘ ብዬ ደስ አለኝ።

ወደ ነገሩ ልግባ። በእኔና በቢያድግልኝ ማሳ ድንበር ላይ፣ በእኔ ወሰን፣ ስድሳ እግር ባሕር ዛፍ ተክዬ ነበር። ቢያድግልኝ ገና ከችግኙ ጊዜ ጀምሮ ሲቃወም ኖሯል። ባሕር ዛፍ ባለበት ጤፍ እንደማይረባ እኔም አውቃለሁ። ዳሩ ግን ወሰኑ የእኔ ነው፤ ክርክሩንም ረትቻለሁ። ቢያድግልኝ በተረታ ሰሞን ማኅበር ላይ በሰው ፊት «ፍርድ ቤቱ ፈረደ፤ አንድ ቀን ደግሞ መጥረቢያ ይፈርዳል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ቃሉን እንደ ማስረጃ በልቤ አስቀመጥኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ መንገዱ ሰላም ሳለ፣ በየካቲት። የጁቤ ከተማ ለአንድ ነጋዴ የድንጋይ ቤት ልሠራ ሄጄ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ስመለስ ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ማሳዬን ልይ ብዬ ወረድኩ። ከስድሳው ዛፍ አርባው የለም። ጉቶው ገና ነጭ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ቤት ስገባ ይበልጣል ቆሞ ጠበቀኝ።

«ማን ነው የቆረጠው?»

«አላየሁም፣ አባ።»

«አሥራ አንድ ቀን ቤቴን አደራ ሰጥቼህ አርባ ዛፍ ሲወድቅ አልሰማህም? አንተ ወንድ ነህ?»

ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም አለ። ማሳ መጠበቅ ስላቃተው ያፈረ መሰለኝ። ዝምታውንም በቢያድግልኝ ላይ ማስረጃ አደረግሁት።

በእሑዱ ቅዳሴ ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳንርቅ ቢያድግልኝ ሰዉን እየገፋ መጣ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«አያሌው፣ እግዜር ይስጥህ። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው። ዘንድሮ ጤፌ ፀሐይ ያያል።»

እጄን ነጠቅሁት። አርባ ዛፌን ቆርጦ፣ በደጀ ሰላም፣ ሰው እየሰማ ያመሰግነኛል! ከዚህ የከፋ ስድብ ከየት ይመጣል? በእኛ አገር ሰው ሲሰድብህ ትከሰዋለህ፤ ሲያላግጥብህ ግን ሰው መሆንህን ነው የሚክደው። እኔ እንዲህ ነበር የማስበው።

ወትሮ ቢሆን ክስ እጽፍ ነበር። ወረቀትም አውጥቻለሁ። «ከሳሽ» ብዬ ጀምሬ እስክሪብቶው ቆመ። ክሱ ትንሽ መሰለኝ። ልብ በሉ፤ ዛፉ ሲጫን ያየ ሰው እንዳለ አንድም ጎረቤት አልጠየቅሁም። ለሰው ሁሉ «ምስክርህ የት አለ?» የምል ሰው፣ በገዛ ነገሬ ምስክር ሳልጠራ ፈረድኩ።

በገበያ ቀን ቦራ የምለውን በሬዬን ነድቼ ቢቸና ወጣሁ። ሙጬ በሠላሳ ሁለት ሺህ ብር አሻሻጠኝ። ብሩን ስቀበል ፊቴን አየና፦

«በጋውን ሙሉ ያበላኸውን በሬ እርሻ ሳይደርስ መሸጥህ ምን ልትገዛ ነው?» አለኝ።

«ጠመንጃ።»

«ለምን?»

«ለደላላ ዋጋ ይነገረዋል እንጂ ምክንያት አይነገረውም።»

ሙጬ ሳቀ። «እንግዲያው ሞጣ አንዲት እማሆይ አሉ። የባላቸውን ምንሽር ሲሸጡ ይኸው አራት ዓመታቸው ነው፤ እስካሁን አልተሸጠም። እኔ ብቻ ሦስት ገዢ ወስጄላቸዋለሁ፤ ሦስቱም ምሳ በልተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።»

«እኔ እገዛዋለሁ» አልኩት።

ልቤ ውስጥ የነበረውን ከእናንተ አልደብቅም። ቢያድግልኝ ሲመሻሽ ከማሳው ሲመለስ በአንዲት ግራር ሥር ያልፋል። ያችን ግራር መርጫት ነበር። እኔ ብታሰር ይበልጣል ያርሳል፤ የቢያድግልኝ ወገን ቢመጣበትም ጠመንጃው በእጁ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ልጄን ለደም እያወረስኩት መሆኔን አላየሁም። የጠመንጃ ሽያጭ ወረቀቱ ሳይዞር እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለስንቱ ሰው ስለ ሕግ የማስተምር ሰው ያን ዕለት ስለ ወረቀት ማሰብ አልፈለግሁም።

የበሬውንና የየጁቤውን ግንብ ብር ይዤ በማግስቱ ከሙጬ ጋር በሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄድን። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ቆመ። ይታይሽ ያለችበት ለቅሶ ቤት ከመንገዱ ሩቅ አልነበረም። ፊቴን ወደ ማዶው መስኮት አዞርኩ።

እማሆይ ብርቄ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ነው የሚኖሩት። ስንደርስ ከደጃፉ ውስጥ ተቀምጠው ጧፍ ይሠራሉ። የጥጡን ፈትል በሰም እየነከሩ በመዳፋቸው ያሽከረክራሉ። ያን ሥራ በሁለቱም ቀን ብዙም አላቋረጡም።

«እማሆይ፣ ገዢ አመጣሁልዎ» አለ ሙጬ።

«ገዢ ነው ወይስ ጯሂ? ያለፈው ያመጣኸው ሰውዬ በዋጋ ሲጮህ ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል ተዉ።»

«ይህኛው ዝምተኛ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዝምተኛስ ነው። ዝምታው ግን ደስ አይልም» አሉ፤ ከዚያ ተነሡ።

ጠመንጃውን በቡሉኮ ጠቅልለው አምጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት፤ ገለጥ አደረጉት። ሰደፉ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። አፈሙዙ ንጹሕ ነው። እኔ ይኸው በቃ ብዬ ብቻ ነው ያየሁት።

«ስንት ይላሉ?»

«እኔ ምን አልኩ? የመጣኸው አንተ ነህ።»

«ሠላሳ ሺህ።»

ጧፉ ይሽከረከራል።

«ሠላሳ አምስት።»

ሙጬ እግሬን ረገጠኝ። አልሰማሁትም።

«አርባ!»

እማሆይ ጧፉን ሳይለቁ ወደ ሙጬ ዞሩ። «ይህን ሰው ከየት አመጣኸው? ሰው ራሱ በራሱ ላይ ሲጫረት የማየው ዛሬ ነው።»

«ከቢቸና ነው እማሆይ። የቢቸና ሰው ጣጣ አይወድም፤ ቶሎ ገዝቶ ቶሎ መጸጸት ነው የሚወድ።»

«ቀልድህን ተው። ገበያ የወጣ ሰው ያራክሳል። በሬ እንኳ ሲገዛ እግሩ ጠማማ ነው፣ ዓይኑ ሞራ ይዞታል ይላል። ና እስቲ አንተ፣ ስምህ ማን ነበር?»

«አያሌው።»

«አያሌው፣ ይህ ማንገቻው ተበጥሶ በሲባጎ የታሰረ ነው። አየኸው? ሰደፉ እዚህ ጋ ተሰንጥቋል። አየኸው? አላየኸውም። እንከን የማይፈልግ ገዢ የሚፈልገው ዕቃውን አይደለም። ለምን ፈለግኸው?»

በፍርድ ቤት ዕድሜዬ ሙሉ ጠበቃ ጠይቆኝ ተደናግሬ አላውቅም። እዚህ ግን አፌ የመጣለትን ተናገረ።

«ለልጄ ሠርግ ነው። ሲሞሸር ሊተኮስለት።»

«እሰይ! መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው ቀባሪ መሰለ?»

«ደጋሽ መሆኑ ነዋ እማሆይ» አለ ሙጬ። «የጤፉን ዋጋ እያሰበ ነው።»

እማሆይ አልሳቁም። ምንሽሩን መልሰው ጠቀለሉት። «የሠርግ ከሆነማ ጥሩ። የሠርግ ጠመንጃ ለሙሽራው በእጁ ነው የሚሰጥ፤ የባሌ ሥርዓት ነው። ሙሽራውን ጥራው። ዋጋውን ነገ እሱ ባለበት እነግርሃለሁ።»

«እማሆይ፣ እኔ አባቱ ነኝ። የእኔ ቃል ይበቃል።»

«አንተ ስትሞት ይህን ማን ይይዘዋል?»

«እሱ።»

«እንግዲያው ገዢው እሱ ነው። አንተ ከፋይ ነህ።»

«አርባ ሦስት ላድርግልዎ፤ ዛሬ እንጨርስ።»

«መቶ ሺህ ብትቆልልም ዛሬ የለም። ይልቅ ምሳ ብሉ፤ ሽሮ አለ።»

ተቆጣሁ። ተነሣሁ። በሬ ሸጬ መምጣቴን፣ ሥራ ፈትቼ መምጣቴን ተናገርኩ። ሴት ከጠመንጃ ምን አላት እስከማለት ደረስኩ። አንገታቸውን ነቀነቁና «ጮኸሃል፤ ዶሮዎቼን አስብልኝ» አሉ። ሽሮውን በላን።

አሥር ብር ካርድ ገዝቼ ለይበልጣል ደወልኩ።

«ነገ በጠዋት መኪና ሞጣ ና።»

«ምን ተገኘ፣ አባ?»

«ና አልኩህ!» ብዬ ዘጋሁት። እኔና ሙጬ አልጋ ይዘን አደርን። ሙጬ ተኛ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መናኸሪያ ጠበቅሁት። ከመኪና ሲወርድ ሸሚዙን አጥቦ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ ነበር። የት እንደምንሄድ አልነገርኩትም። እየተራመድን ብቻ፦

«አንዲት እማሆይ ትጠይቅሃለች። ከፋሲካ በኋላ አገባለሁ በል» አልኩት።

ቆመ። «ማንን ነው የማገባው?»

«ማንንም! አዎ በል ብቻ።»

«ሐሰት ነው እኮ፣ አባ።»

በሕይወቱ አርሞኝ አያውቅም። ሐሰት ከስርቆት ይከፋል እያልኩ፣ አንዳንዴም እየገረፍኩ ያሳደግሁት ልጅ ነው። «አዎ በል!» አልኩት። «እሺ» አለ።

እማሆይ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሙሽራው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እግዜር ይባርክህ። ሙሽራዪቱ ማን ትባላለች?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ልርዳው ብዬ «ጥሩዓለም» አልኩ። በዚያው ቅጽበት እሱ «አስቴር» አለ።

ሙጬ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ሁለት ናቸው?» አሉ እማሆይ። «ቄሱ ፈቅደዋል?»

እማሆይ ገቡና ምንሽሩን ያለ ቡሉኮ ይዘውት ወጡ። በደጃፉ መድረክ፣ ደፉ ላይ፣ አጋደሙት። እኛ በውስጥ፣ መንገዱ በውጭ፣ ጠመንጃው በመካከል ሆነ። ጧፋቸውን አንሥተው ተቀመጡ።

«ስሙኝ። ባሌ ሁለት ጠመንጃ ነበረው። አንዱን እዚሁ ቤት አንድ ዋንጫ ጠላ እየጠጡ ሸጠው። ጠላው ሳያልቅ ብሩ ተቆጠረ። ገዢው ቸኩሎ ነበር፤ ባሌም ብር ቸግሮት ነበር፤ ለምን ብሎ አልጠየቀውም። በሦስተኛው ሳምንት ሰውዬው የገዛ ወንድሙን በበግ ጠብ ገደለው። ባሌን ማንም አልከሰሰውም። የሟቹ እናት ግን በሙት ዓመቱ ቀን ደጃችን መጣች። እዚህ መድረክ ላይ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። ተቀምጣ ተቀምጣ ሄደች። በየዓመቱ መጣች፤ እስክትሞት ድረስ። ባሌ ሲያርፍ ‹ይኼኛውን ለቸኮለ ሰው እንዳትሸጪው› አለኝ።»

ጧፉን አስቀመጡ። እየተናገሩ ጧፉን ያስቀመጡት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ዋጋው ራስህ የጠራኸው አርባ ሺህ ነው። እኔ አላስጨምርህም። ግን ይዘኸው የምትወጣው በልቤ ቂም የያዝኩበት ሰው የለም፤ ካለም ይህ ብረት ወደ እኔ ይዙር ብለህ ከተሻገርከው በኋላ ነው። መጀመሪያ አንተ፣ ቀጥሎ ልጅህ።»

እዚህ ላይ የምጽፈውን ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ልሻገር ነበር። በሐሰት ልምል ቀኝ እግሬን አነሣሁ። «በልቤ» አልኩ።

ከኋላዬ ይበልጣል ኮቴን ጨምድዶ ያዘ።

«አባ፣ አይሻገሩ።»

«ልቀቀኝ!»

«ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

እግሬ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። መለስኩት።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ። ለአጣና ነጋዴ ሸጥኩት፤ በአይሱዙ ጭነው ወሰዱት። በብሩ መንጃ ፈቃድ ልማርበት ከፈልኩ። ጋሽ ቢያድግልኝ እርስዎ ያስቆረጡለት መስሎት ነው ያመሰገነዎት። ከልቡ ነው፤ ለእኔም አሥር ጊዜ መርቆኛል።»

«ሳሳብብበት፣ ስረግመው ስትሰማ ለምን ዝም አልክ?»

«ክስ ይጽፋሉ ብዬ ነበር። እርስዎ ሁልጊዜ ክስ ነው የሚጽፉት። ክሱ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ ሠርቼ ብሩን ይዤ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ጠመንጃ... ይህን አላሰብኩም።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነበር።»

ከዘራዬ ተነሣች። እኔ አነሣኋት ማለቴ ነው። ልጄ አልሸሸም፤ ዓይኑን ጨፈነ ብቻ። እማሆይ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፦

«ምታው» አሉ። «ምታው፤ በሚመጣው ጊዜም ጠመንጃ እስክትገዛ ድረስ ዝም ይበልህ።»

ከዘራዋ ወረደች። እኔም መድረኩ ላይ፣ ከምንሽሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያቺ እናት ትቀመጥበት የነበረው ቦታ መሆኑን ያወቅሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። አለቀስኩ ብዬ አልዋሽም። ግን ለረጅም ጊዜ መነሣት አቃተኝ። ዓይኔ ፊት ግራሯ ነበረች፤ ከሥሯም የሚያልፍ፣ ጤፌ ፀሐይ ያያል ብሎ ደስ ያለው ሰው።

እማሆይ ጠመንጃውን አንሥተው በቡሉኮ ጠቀለሉት።

«እንዴት ነው ታዲያ፣ ሽያጩ?» አለ ሙጬ።

«በዋጋ አልተስማማንም» አሉ። ከሠሯቸው ጧፎች አንዱን አውጥተው ለኮሱና ግድግዳው ላይ ሰኩት።

ስንመለስ ደብረ ወርቅ ወረድን። ለቅሶ ቤት ገብቼ ይታይሽን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። ጥቁር ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች። «እኔ አንድ ለቅሶ ላይ ነኝ» አለችኝ። «ልትጨምሩልኝ ነበር?» አብራን ተመለሰች።

በማግስቱ ወደ ቢያድግልኝ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ሳልልክ፣ ብቻዬን። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት ነበር።

«እኔ እኮ ከልቤ ነው ያመሰገንኩህ።»

«አሁን አውቄያለሁ።»

«ግራሯ ሥር?»

«ግራሯ ሥር።»

«በየቀኑ በዚያ አልፋለሁ እኮ፣ አያሌው።»

«ለዚያ ነው የመረጥኳት።»

ውኃ አስመጣና ጠጣ፤ ለእኔም ሰጠኝ። ከዚያ «ይህ በሁለት ሰው መካከል የሚቀር ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ይስማው» አለ። እውነቱን ነው። በጉን እኔ አረድኩ፤ ጠላውንና እንጀራውን እሱ ደገሰ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲነሡ መጥረቢያ ይዞ መጣ። «ያኔ መጥረቢያ ይፈርዳል ብዬ ነበር። መጥረቢያው የእኔ ነው፤ ቆራጩ ግን አንተ ሁን» አለኝ። የቀረውን ሃያ ዛፍ እኔና ይበልጣል ቆረጥነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ አባቶች፣ ምክር አበዛለሁና ታገሡኝ። ልጃችሁ ፊታችሁ ዝም ሲል ተከበርን አትበሉ። እኔ ዝምታን አከማቸሁ፤ ክብር ያከማቸሁ መስሎኝ ነበር። ልጄ ከእኔ ቁጣ ይልቅ የሁለት ዓመት ክስ ቀለለው። ልጄ አጥፍቷል፤ ያልተፈቀደለትን ሸጧል፤ ይህን በፊቱም እናገራለሁ። እኔ ግን «ግን» የሚባለውን ቃል ከቤቴ ስላወጣሁት፣ የሚገባበት በር አጥቶ ሞጣ ድረስ ሄዶ በሰው ደጃፍ ተናገረ። ከመፍረዳችሁም በፊት አንድ ሰው ጠይቁ። አንድ! አይሱዙውን መንደሩ ሁሉ አይቶት ነበር። የሚያመሰግናችሁን ሰው ደግሞ አንዳንዴ እመኑት። ከልቡ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ያን መዘግየት ነው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ቸኩሎ ረድቶኛል፤ ቸኩሎ ያበደረኝ አለ፣ ቸኩሎ የመሰከረልኝ አለ። ሕይወቴን ያተረፉልኝ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያጉላሉኝ አሮጊት ናቸው። በዓመቱ ሄጄ የቤታቸውን የጀርባ ግንብ በድንጋይ ሠራሁላቸው። ዋጋ ሲጠይቁኝ «ነገ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ያን ዕለት ነው ሲስቁ ያየኋቸው። ምንሽሩ አሁንም አልተሸጠም። ሙጬ እስካሁን ገዢ ይወስድላቸዋል፤ አንዳንዱን ሰው ሆን ብሎ የሚወስደው ይመስለኛል።

ይበልጣል ከሞጣ ባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል። ሲመለስ ለእማሆይ ሰም ያመጣላቸዋል። ከዚያ ወዲህ እኔን አንተ ማለት ጀምሯል፤ ይሉኝታ ይዞት አንዳንዴ ይረሳዋል እንጂ። አልገሥጸውም። ባለፈው ወር «ተሳስተሃል፣ አባ» አለኝ። ተሳስቼም ነበር።

ሒሳቡን ልዝጋ። ቦራን መልሼ አላገኘሁትም፤ ሌላ በሬ በሠላሳ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ገዛሁ፤ ኪሣራው አራት ሺህ አምስት መቶ። የሦስታችን ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ሰባት መቶ ሃያ። ለሙጬ የድካሙ አምስት መቶ። አልጋ ሁለት መቶ። ካርድ አሥር። በግ ሦስት ሺህ። ቢያድግልኝ ለጠላና ለእንጀራ ያወጣው ስምንት መቶ። እማሆይ ለሽሮው አላስከፈሉንም፤ የለኮሱት ጧፍ ሃያ ብር ይሸጥ ነበር። ዛፉን ኪሣራ ውስጥ አላስገባውም፤ መንጃ ፈቃድ ሆኗል።

ሁላችንንም ያስወጣን ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ሰው አልወጣብንም።